በዘራችን የለም

«በዘራችን እንዲህ ያለ ሰው የለም» አለ ታላቅየው፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል አጣብቆ የሸሚዙን እጅጌ እየቆለፈ። «በእኔም በኩል የለም፤ በሚስቴም በኩል የለም። ድምፁ የሻከረ፣ ጉሮሮው የታመመ፣ አንድም ሰው።» ታናሽየው ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ነበር። የነከረው ዳቦ ተቆርሶ ብርጭቆው ውስጥ ወደቀ፤ ሳያወጣው ያየው ጀመር። የደወለችው ከሆስፒታል ነርሷ ናት። የታላቅየው የአምስት ዓመት ልጅ ትናንት ለአራተኛ ጊዜ በማደንዘዣ ተኝታ ከጉሮሮዋ ትርፍ ሥጋ አውጥተውላታል። ያ ትርፍ ሥጋ ክፋቱ ተቆርጦ አለመቅረቱ ነው፤ ተመልሶ ይበቅልና የአየር መግቢያዋን ይዘጋዋል። አሁን ሐኪሞቹ በቤተሰቡ ውስጥ እንደ እሷ የሆነ ሰው ነበረ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ታናሽየው ግን እዚያው ተቀምጦ፣ በሁለት ጆሮው፣ በዘሩ ውስጥ እንደሌለ ሰማ።

ታላቅየው ስልኩን ዘጋና «ሻይ ልጨምርልህ?» አለው፣ ለእሱ ብቻ በሚያወጣው በዚያ ለስላሳ ድምፅ።

«በቃኝ ጋሼ» አለ። የወጣው ድምፅ እንደ ወትሮው ሻካራ፣ ግማሹ አየር ነበር። ታላቅየው የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ «በል ደህና ዋል» ብሎ ወጣ። ክፋት አልነበረበትም፤ ይህን ታናሽየውም አሳምሮ ያውቃል። ሆድ ያስባሰውም ይኸው ነበር፤ ወንድሙ ክፉ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይጣሉ ነበር።

ሰፈርተኛው ታናሽየውን የሚያውቀው «ጉንፋኑ» በሚል ስም ነው። ሥራው ያረጀ ሶፋ ማደስ ነው። በስልክ የሚያገኘው ሰው ሁሉ «ከእንቅልፍ ቀሰቀስኩህ እንዴ?» ይለዋል፤ በአካል የሚያገኘው ደግሞ ዝንጅብል፣ ማርና ነጭ ሽንኩርት ያዝዝለታል። እስከ ዛሬ የታዘዘለት ማር ቢጠራቀም ባለ ቀፎ ያደርገው ነበር። ድሮ ድሮ «ጉንፋን አይደለም፣ በልጅነቴ ነው» እያለ ያስረዳ ነበር፤ አሁን «እሺ፣ እጠጣበታለሁ» ብሎ ይገላገላል። ታሪኩን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ የዘጠኝ ዓመቱን ታላቅ ወንድሙን «ጠብቀው» ብላ ወጣች፤ ወንድሙ ኳስ ሊጫወት ሄደ፤ እሱ በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ አግኝቶ ጠጣ። ነፍሱ ተረፈች፤ ድምፁ ግን በዚያው ሄደ ተባለ። እናታቸው እስክትሞት ድረስ ታላቅየውን አንድ ቀን «አንተ ነህ» አላለችውም፤ እሷ ባትፈርድበትም እሱ በራሱ ላይ ፈረደ። አድጎ ቤት ሲሠራ ፀሐይ የሚገባበትን የጓሮ ክፍል ለታናሹ ሰጠ፤ ሱቅም ተከራየለት። ለሚጠይቀው ነገር ሁሉ ጥያቄው ሳያልቅ «ይሁን» ይለዋል። አንድ ቀን ጉንፋኑ ሊፈትነው ብሎ «መኪናህን አውሰኝ» አለው፤ መንዳት እንደማይችል እያወቀ ቁልፉን አውጥቶ ሰጠው። ሌሎች ወንድማማቾች በቤት፣ በውርስ፣ በሚስት ወሬ ይፋጃሉ፤ ያኮርፋሉ፤ ይታረቃሉ። እነዚህ ሁለቱ ግን ተጣልተው ስለማያውቁ የሚመስሉት እንግዳና ባለቤት ነው።

ስለዚህ ታላቅየው «በዘራችን የለም» ሲል አልዋሸም። የወንድሙ ድምፅ ለእሱ በሽታ ሆኖ አያውቅም፤ የራሱ ጥፋት ነው። ጥፋትን ደግሞ ማንም ለነርስ በስልክ አይናገርም። ጉንፋኑ ይህን ሁሉ እያወቀ፣ ሱቁን ከፍቶ ከገባ በኋላም ያቺ ቃል ከጆሮው አልወጣ አለችው። አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ያሠራችው ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ሆዱ ተዘርግፎ መሀል ወለል ላይ ቆሟል። ባለቤቷም አልቀረችም፤ የስፖንጅ ዋጋ ለምን እንደ ጨመረ፣ ባሏ በሕይወት ሳለ ይህ ሶፋ በስንት እንደ ተገዛ፣ አሁን በዚያ ዋጋ እግሩ እንኳ እንደማይገኝ ቆማ አወራችው። እሱ በአንገቱ መለሰላት። «ደግሞ ጉንፋን ያዘህ?» አለችው ስትወጣ፤ ባለፈው ሳምንትም ይህንኑ ብላው ነበር። መዶሻውን አነሣ፤ የመጀመሪያዋን ሚስማር ስቶ አውራ ጣቱን መታ። ከዚያ በኋላ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ጣቱን እየጠባ ብዙ ቆየ። ከመደርደሪያው ሥር ለልጅቷ ከትርፍራፊ ከፋይ ጨርቅ የሰፋት ትንሽ ትራስ ነበረች። ከሰፋት ሰንብቷል፤ ይዞ የሚሄድበት ድፍረት ግን አጥቶ ነበር።

ድፍረት ያጣው በምክንያት ነው። ልጅቷ አፍ ከፈታች ጀምሮ የምትውለው እሱ ክፍል ነበር፤ ክር እየፈታች፣ አዝራር እየቆጠረች፣ «ጋሽ ጉንፋኑ» እያለች። ሦስት ዓመት ሲሞላት ድምፅዋ መሻከር ጀመረ። ይህን ጊዜ ቤተሰቡ ምን አለ? አጎቷን ትቀዳለች አለ። መጀመሪያ ሳቁላት፤ እንግዳ ሲመጣ «እስኪ እንደ አጎትሽ ተናገሪ» እያሉ አናገሯት። ቆይተው ሲሰለቻቸው ተቆጧት፤ «በደንብ ተናገሪ» ተባለች፤ ከረሜላ ተከለከለች። የእናቷ እናት አንድ ቀን ለጥየቃ መጥታ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ስትል ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ጉንፋኑም አብሮ ሳቀ፤ ክፍሉ ሲገባ ግን ሳቁ አላገዘውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትየዋ ልጅቷን ወደ ጓሮ እንዳትሄድ ከለከለቻት። ትርሳው፣ ድምፅዋ ይመለስ ተብሎ ነው። ልጅቷ እሱን ሳታይ ወራት ቆየች፤ ድምፅዋ ባሰበት፤ ከዕለታት አንድ ቀን በቁርስ ሰዓት ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ሲጠቁር ነው ሐኪም ዘንድ የሮጡት። ጉንፋኑ ያን ቀን በመስኮቱ አያቸው። ይቅርታ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም አልጠበቀም። ክፍሉ ውስጥ ግን ቀስ በቀስ የዝምታ መጠኑ ጨመረ፤ አንዳንድ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቃል ሳይናገር ይውልና፣ ድምፁ መኖሩን ለማረጋገጥ ብቻ «እህህ» ይላል።

ሱቁን ቆልፎ ትራሷን በብብቱ ይዞ ወደ ሆስፒታል ሄደ። የልጆቹ ክፍል ስድስት አልጋ ነበረው፤ የሳሙናና የፈላ ወተት ሽታ። የወንድሙ ሚስት ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ አጠገብ፣ መደገፊያ የሌለው በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ስታየው ተነሣች፤ ሌላ በርጩማ ስለሌለ ሁለቱም ቆሙ።

«በምን መጣህ?» አለችው።

«በእግሬ።»

«ይርቃል እኮ።»

«አይርቅም።»

እሷም የራሷ እስር ቤት ነበራት። የመጀመሪያው ሐኪም «ይህን ትርፍ ሥጋ የሚያበቅለው ቫይረስ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል» ካላት ወዲህ አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው። ማንም ፊት ለፊት አልወቀሳትም። ግን ባሏ ያን ቀን መኪናውን እየነዳ ቤት እስኪደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ለእሷ ያ በቂ ነበር። ልጅቷ ነቅታለች። ለጥቂት ቀን እንዳትናገር ስለታዘዘ አጎቷን ስታይ አፏን ከፍታ ያለ ድምፅ «ጋሽ ጉንፋኑ» አለች። እሱም ያለ ድምፅ መለሰላት። ትራሷን ፊቷ ላይ አድርጋ ከፋዩን በጉንጯ አሸች። በከንፈር ብቻ ብዙ አወሩ፤ አብዛኛውን አልተግባቡም፤ ግን ደስ አላቸው። እናትየዋ ስታያቸው ቆይታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ዶክተሯ የገባችው በዚህ መሀል ነው። ወጣት ናት፤ ጫማዋ ያረጀ፣ ብዙ እንደ ቆመች የሚያስታውቅ። ልጅቷን አዳመጠች፣ ጉሮሮዋን አየች፣ እየጻፈች ሳለ ቀና ሳትል «እርስዎስ?» አለችው።

«አጎቷ ነኝ።»

እስክሪብቶው ቆመ። «እስኪ ይድገሙልኝ።»

«አጎቷ ነኝ አልኩ። የአባቷ ወንድም።»

«ይህ ድምፅ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ነጭ ጋዙን ነገራት። ስንት ጊዜ ለስንት ሰው የነገረው ነገር ስለሆነ ሦስት ዐረፍተ ነገር አልፈጀም። ዶክተሯ ግን እንደ ሌላው ሰው ከንፈሯን አልመጠጠችም፤ ማርም አላዘዘችም። «ይምጡ እስኪ» ብላ ይዛው ወጣች።

በጠባብ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጣ አፍንጫውን አደነዘዘችና ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ገመድ አስገባች። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከፊቱ ባለው መስኮት በሚያህል ቴሌቪዥን የገዛ ጉሮሮውን አየ፤ ቀይ፣ እርጥብ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ። «ኣ ይበሉ» አለችው። አለ። ሁለት የድምፅ አውታሮች ሊገናኙ ሞከሩ፤ ጠባሳ ይዟቸው መሀላቸው ክፍት ቀረ። ከአንደኛው ጥግ ላይ እንደ እንጆሪ የተንጠለጠለች ትንሽ ነገር ነበረች። ዶክተሯ ምስሉን አቆመችና ከልጅቷ ጉሮሮ ምስል ጋር ጎን ለጎን አደረገችው። ማንም ቢያይ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው የሚያሰኝ ነበር።

«ይህ የቃጠሎ ጠባሳ አይደለም» አለች። «ነጭ ጋዝ ሳንባ ሊጎዳ ይችላል፤ እንዲህ ግን አያደርግም። እርስዎ በልጅነትዎ የእሷን በሽታ ታመው ነበር። አንዳንድ ልጅ ላይ ዕድሜው ሲጨምር በራሱ ይከስማል፤ እርስዎ ላይ ከስሞ ጠባሳውን ትቶ ሄደ። ነጭ ጋዙን ከመጠጣትዎ በፊት ድምፅዎ ደህና እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው አለ?»

አሰበ። የሚያስታውስ ሰው እናቱ ነበረች፤ የለችም፤ ወንድሙም ያኔ ልጅ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ድምፅ እንዴት እንደነበረ ማን ይዞ ይቆያል?

ዶክተሯ ቀስ ብላ አስረዳችው። ቫይረሱ ብዙ ሰው ላይ አለ፤ ብዙ እናቶች ላይ አለ፤ ልጆቻቸው ግን፣ ከጥቂት በስተቀር፣ አይታመሙም። ስለዚህ ጥፋቱ የእናትየዋ አይደለም። ጥያቄው የዚህች ልጅ ሰውነት ሌላው ሰውነት የሚያባርረውን ነገር ለምን ማባረር አቃተው የሚለው ነው። ምናልባት በዘር የመጣ አንድ ጉድለት ይኖራል፤ በቤተሰቡ ሁለተኛ ሰው ከተገኘ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የት እንደሚፈለግ ከታወቀ ትርፍ ሥጋውን በየጊዜው ከመቁረጥ ሌላ የሚሞከር ነገር ሊገኝ ይችላል። «የአባትየውንም የእናትየዋንም ደም እፈልጋለሁ። አባትየው ግን ዛሬ ጠዋት በዘራችን የለም ብለዋል፤ ልደውልላቸው ነው።»

«አይደውሉ» አለ ጉንፋኑ። «እኔ እነግረዋለሁ።»

ደሙን ሰጠ። ያቺ የቀረችው ትንሽ ነገርም ሐሙስ ዕለት እንደምትወጣለት፣ ማደንዘዣ ስላለው አንድ የቤተሰብ ሰው አብሮት መምጣት እንዳለበት ተነገረው። ወደ አልጋው ተመልሶ ለወንድሙ ሚስት የእሷን ድርሻ ነገራት፤ ብዙ እናቶች ላይ አለ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም ተብሏል አላት። እሷ መጀመሪያ ያልሰማች መሰለች። ከዚያ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ አለቀሰች። ልጅቷ ደንግጣ ትራሷን አቀበለቻት።

«አንተስ? ምን አለችህ?» አለችው ዓይኗን እየጠረገች።

«የእኔን መጀመሪያ ጋሼ ይስማው።»

ወደ ቤት በእግሩ ተመለሰ፤ መንገዱ ግን የጠዋቱ መንገድ አልመሰለውም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ በዘሩ ውስጥ አለ፤ በካሜራ ተረጋግጧል። ግን ነጭ ጋዙ ከሌለ ምን አለ? የጓሮው ክፍል የተሰጠው ለነጭ ጋዙ ነው። ሱቁም ለእሱ ነው። ያ ለስላሳ ድምፅ፣ ያ ጥያቄ ሳያልቅ የሚመጣ «ይሁን»፣ ሁሉም የነጭ ጋዙ ነው። አርባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ በዓለም ላይ ያለው ነገር የወንድሙ ጸጸት ብቻ እንደሆነ መንገድ ላይ ቆሞ አወቀ። ዝም ቢልስ? ዶክተሯ ደም ስትፈልግ ወንድሙ እሺ ብሎ ይሰጣል፤ የጠርሙሱ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ ይችላል። ሠላሳ ምናምን ዓመት የኖረ ነገር ቢቀጥል ማን ይጎዳል? ይህን እያሰበ ከአንድ ጫማ መሸጫ መስተዋት ፊት ብዙ ቆመ፤ ሻጩ ወጥቶ «ቁጥርህ ስንት ነው?» እስኪለው ድረስ። ጉንፋኑ መንገዱን ቀጠለ። ያስጨነቀው የሚያጣው ብቻ አልነበረም። ያ ሰው በየቀኑ ጠዋት ሻይ ሲቀዳለት እጁ የሚጠነቀቀው እንዴት እንደሆነ ትዝ አለው፤ በውስጡ ያለው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ገና አልተፈታም።

ታላቅየው አመሻሹ ላይ ዳቦና ሾርባ ይዞ ገባ። ሚስቱ ሆስፒታል ስለምታድር ቤቱ የሁለት ወንዶች ቤት ሆኗል፤ ሳህኑ ሁሉ ማጠቢያው ውስጥ። ሾርባውን አሙቆ የበለጠውን ለታናሹ ቀዳ።

«ጋሼ፣ ነጭ ጋዙ አይደለም» አለ ጉንፋኑ።

«ምኑ?»

«ድምፄ። ያበላሸው ነጭ ጋዙ አይደለም። ዛሬ ሆስፒታል ሄጄ ነበር፤ ዶክተሯ በካሜራ አየችው፤ እኔም አየሁት። የልጅቷ በሽታ ነው። አንተ ያን ቀን ቤት ብትውልም ድምፄ ይኸው ነበር።»

ታላቅየው ማንኪያውን አስቀመጠ። «ማን አለ?» አለ። ነገረው። «እርግጠኛ ናት?» አለ። ደግሞ ነገረው፤ ጠባሳውን፣ ጎን ለጎን የነበሩትን ሁለት ምስሎች፣ በዘር መሆኑን፣ ደሙ እንደሚፈለግ። ታላቅየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጉንፋኑ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው፤ ይህን ሰው ነክቶት አያውቅም። እጁን ዘርግቶ ሳይደርስ መለሰው። ታላቅየው ፊቱን ሲገልጥ እንባው እየወረደ ነበር፤ ግን ደግሞ ይስቅ ነበር።

«ያን ቀን ሁለት ጎል አግብቼ ነበር እኮ!» አለ።

«ምን?»

«ሁለት! በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እንዴት ብዬ?» ተነሣ። ወንበሩን ገፋ አድርጎ ግቡ የት እንደነበረ፣ በረኛው ማን እንደነበረ፣ ሁለተኛዋን እንዴት በግራ እግሩ እንደ መታት እያሳየ ወጥ ቤቱን ሞላው። ድምፁ ጎላ፤ ለስላሳው ድምፅ የት እንደ ሄደ እንጃ። ጉንፋኑ አፉን ከፍቶ ያየው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ቤት እንደሚኖር አያውቅም ነበር። ከዚያ ታላቅየው ለሚስቱ ደወለ፤ «በእኛም ዘር አለ! ነገ ጠዋት መጥቼ ደሜን እሰጣለሁ፤ አንቺ ብቻሽን አይደለሽም» ሲል ሴትየዋ በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ተሰማች፤ እሱም አለቀሰ፤ ሳቀ፤ ተመልሶ ተቀምጦ የራሱንም የታናሹንም ሾርባ ጠጣ።

ጉንፋኑ ጥሩ ጊዜ እስኪመጣ ጠበቀ። «ጋሼ፣ ሐሙስ እኔንም ሊያወጡልኝ ነው። ትንሽ ቀርታለች። አንድ የቤተሰብ ሰው አብሮህ ይምጣ ብለውኛል።»

ታላቅየው ለሌላ ሰው መልእክት እየጻፈ ነበር። «ሐሙስ?» አለ ከስልኩ ቀና ሳይል። «ሐሙስ እንኳ ዕቃ የምናራግፍበት ቀን ነው። እስኪ እናያለን።»

እናያለን። ከዚህ ሰው አፍ ይህ ቃል ለእሱ ወጥቶ አያውቅም። ጉንፋኑ ሌላ አብሮት የሚሄድ ሰው አሰበ፤ ጡረተኛዋን አስተማሪ፣ የጎረቤት ቁልፍ ቀራጩን፤ ሦስተኛ ስም እንኳ አላገኘም። «ችግር የለም» ሊል አፉን ከፈተ፤ ዕድሜውን ሙሉ የሚለው እሱን ነው። ግን ወንድሙን አየው፤ ሾርባ ጢሙ ላይ የቀረ፣ ስልኩን የሚጫን፣ ምንም ዕዳ የሌለበት ሰው። ለዚህ ሰው ችግር የለም ማለት አላስፈለገውም።

«እናያለን የለም» አለ። «እፈራለሁ። ትመጣለህ።»

ድምፁ ያው የሻከረው፣ ግማሹ አየር የሆነው ድምፅ ነበር። ታላቅየው ግን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣለና ግንባሩን ቋጥሮ አፈጠጠበት።

«እሺ፣ እመጣለሁ! ታዲያ ምን ያስጮህሃል?» አለው።